አቶ ማርቆስ አራት መቶ አሥራ ሁለትን ድል የነሡበት ዜና

ዘመኑ በወንጌላዊውም ስም፣ በቀለም ነጋዴውም ስም ዘመነ ማርቆስ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ በዓል፣ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ወደየሥራው ተመልሷል። ጠዋቱ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር። የሐይቁ ጉም ሳይገፈፍ ባጃጆች የታቦርን ዳገት እያቃሰቱ ወጡ፤ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ ሥጋ ቤቱ ጣራ ላይ ቆሞ ድርሻውን ጠበቀ፤ አቶ ማርቆስም ዳቧቸውን በሻይ በልተው፣ የሱቃቸውን በር ከፍተው፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹን አቧራ በጨርቅ ጠርገው፣ ለመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ኪሎ ሚስማር መዘኑ። እስከዚህ ድረስ ለታሪክ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ወእምዝ፣ ረፋድ ላይ፣ ልጃቸው ሩሐማ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። ወረቀቱ በሰኔ ለሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና መለማመጃ እንዲሆን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የተፈተኑት የሞዴል ፈተና ውጤት ነበር።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት የጀግናውን ማዕረግ መናገር ይገባል። አቶ ማርቆስ፣ ሥዩመ ቀለም ወሚስማር፣ ዓቃቤ ሲሚንቶ፣ የታቦርን ግድግዳ እኩሌታውን በቢጫ እኩሌታውን በውኃ ሰማያዊ ያለበሱ፣ «ትንሽ ቀንሱልኝ» ላለ ደንበኛ አንድም ቀን እጅ ያልሰጡ፣ የልጃቸውንም ትምህርት በአንዲት ቃል ብቻ የሚከታተሉ ነበሩ። ቃሏም «ደረጃ» ናት። ሩሐማ ካርዷን ባመጣች ቁጥር ዓይናቸው ሌላውን ቁጥር ሁሉ ዘሎ ወደ ታች ይወርድና ከዚያች ቃል አጠገብ ያርፋል፤ አንድ ከሆነ ግንባሯን ይስማሉ፤ ሁለት ከሆነ አንደኛ የወጣው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከአንድና ከሁለት ሌላ ቁጥር በቤታቸው ታይቶ አይታወቅም።

በዚያም ቀን ዓይናቸው እንደ ልማዱ ወረደ። ያረፈው ግን 412 ላይ ነበር።

አቶ ማርቆስ ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት፤ ቁጥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚህ በኋላ ሱቁን ዘጉ። በአዘቦት ቀን፣ በረፋድ፣ ሱቅ ሲዘጋ የታቦር ሰው የሚያውቀው ምክንያት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማን እንደሞተ እየተጠያየቀ ወደ ግቢው ገባ። የሞተ ሰው እንደሌለ ከታወቀም በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ወንበር አንዴ ከወጣ መቀመጥ ወግ ነውና።

በጀግናው ዙሪያ የተሰለፉት መኳንንት እነዚህ ናቸው። በቀኛቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ታቢታ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው እህቶች ኅብረት ጸሎት መሪ፣ የልጇን አንደኛነት ከሳምንት በፊት ለኅብረቱ በሙሉ የመሰከረች። በግራቸው ጋሽ ሽበሺ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጡረተኛው፣ በድሮ ዘመን ማትሪክ ተፈትነው ካለፉ ወዲህ ይህንኑ ሳይናገሩ ከማንም ቤት ወጥተው የማያውቁ። በፊት ለፊታቸው ወይዘሮ ሰሚራ፣ ባለ ጨርቅ ሱቋ፣ ከአቶ ማርቆስ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ከመነገዷ የተነሣ አንተ የምትላቸው ብቸኛ ሰው።

እነዚህም ምክር ሰጡ። ጋሽ ሽበሺ በእሳቸው ጊዜ ውጤት ከአራት ነጥብ ይለካ እንደነበረ፣ አሁን በመቶዎች መቆጠሩ ውጤትም እንደ ሽንኩርት እንደናረ እንደሚያሳይ አስረዱ። ወይዘሮ ሰሚራ የሰው ዓይን ነው አለች፤ እንዲያ በአደባባይ ስትመሰክሪላት ዝም በይ ብዬሽ ነበር ብላም ታቢታን ወቀሰቻት። ወይዘሮ ታቢታ ስልኩ ነው አለች። የስልኩ ሐሳብ በብዙ ድምፅ አለፈ፤ አቶ ማርቆስም ብድግ ብለው የሚከተለውን አዋጅ አስነገሩ።

«ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው ንገር። ከዛሬ ጀምሮ የሩሐማ ስልክ ተወርሶ በሱቁ መሳቢያ ከመቆለፊያዎቹ ጋር ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ ይሸፈናል። የመረብ ኳስ ቀርቷል። ዮዲት የምትባለዋ ጓደኛዋ በዚህ በር አትለፍ። ከአንደኛነት ወደዚህ የወረደችበት ምክንያት ካልታወቀ፣ ሰኔ ላይ አትፈተንም፤ ቡሹሎ መንገድ ላይ በምንከፍተው ሱቅ ትቀመጣለች።»

ሩሐማ ምህንድስና ለመማር የቆረጠችው ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነበር። አዋጁ እየተነገረ ሳለ ስለ አንድ የትምህርት ዓይነት ጥቂት ቃል ጀምራ ነበር፤ አባቷ «ሰበብ ነው» ብለው ስላቋረጧት ቃሉ ለታሪክ አልተረፈም። ቴሌቪዥኑም በወይዘሮ ታቢታ ምርጥ የጠረጴዛ ልብስ ተሸፈነ። በሦስተኛው ቀን የእንግሊዝ እግር ኳስ ስለነበረ አዋጁ ለዘጠና ደቂቃ ተሻሻለ።

ሳምንቱ አለቀ፤ ምክንያቱ አልታወቀም። ሩሐማ ከትምህርት ቤት መልስ ቡሹሎ ለሚከፈተው ሱቅ ዋጋ መለጠፍ ጀመረች። ይህን ያየችው ወይዘሮ ታቢታ በእሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ እኔ ጎረቤቷ ዘንድ መጣች፤ ወረቀቱንም አንብቤ ለማርቆስ እንዳስረዳላት ለመነችኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ቀድሞም ወደ ቤቴ ይመጣ ነበር፤ የሚያነበው ግን እኔ አልነበርሁም። እኔ የተመረቅሁት በታሪክ ነው። ቢሆንም ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኋት።

ጦርነቱ የተደረገው በሳሎኑ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ሽበሺና ወይዘሮ ሰሚራ ባሉበት ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ እኔ ተሸነፍሁ። ፈተናው የሩሐማ ክፍል ብቻ ሳይሆን የከተማው ትምህርት ቤቶች አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሙሉ፣ ከአራት ሺህ በላይ ተማሪዎች፣ በአንድነት የተፈተኑት እንደሆነ፣ ደረጃውም ከሁሉም መካከል የወጣ እንደሆነ፣ ከገዛ ክፍሏ አሁንም የሚቀድማት እንደሌለ ተናገርሁ። አቶ ማርቆስ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ አንደኛ የነበረ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ሳይሆን እንዴት በአንድ ጊዜ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ሊሆን እንደሚችል፣ በመካከል የነበሩት ደረጃዎችስ የት እንደሄዱ ጠየቁ። ጋሽ ሽበሺ ጥያቄው ከባድ መሆኑን አረጋገጡ።

በሁለተኛው ግጥሚያ በቀለም ሞከርሁ። እርስዎ በታቦር ቀለም ነጋዴዎች መካከል አንደኛ ነዎት፤ የአገሩ ቀለም ነጋዴ ሁሉ ቢሰለፍ ግን ስንተኛ ይሆናሉ አልኋቸው። ይህ ስሕተት ነበር። አቶ ማርቆስ ያንኑ አንደኛ እንደሚሆኑ በቁጣ ገለጹ፤ ወይዘሮ ሰሚራ ሳቀች፤ ጨዋታውም ስለ አዲስ አበባ ቀለም መቅጠን ሆነና ወረቀቱ ለረጅም ጊዜ ተረሳ።

ወእምዝ ነዳጅ ትዝ አለኝ። ሐዋሳ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሰልፍን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ አቶ ማርቆስም ሲሚንቶ የሚያመላልሱበት አሮጌ መኪና አላቸው። ስለዚህ፣ ከአራት ሺህ በላይ መኪና ለነዳጅ ቢሰለፍ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ላይ የቆመው ሰው ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው።

አቶ ማርቆስ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ፤ በዓይነ ኅሊናቸው ሰልፉ ከማደያው ተነሥቶ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ እስከ ሐይቁ ሲደርስ ታያቸው። ከዚያም ቀስ ብለው፣

«ነዳጅ ያገኛል» አሉ።

«ሞልቶ ነው እንጂ የሚሄደው» አለች ወይዘሮ ሰሚራ። «አንተ ራስህ ባለፈው ወር ስንተኛ ላይ ቆመህ ነው ተመስገን ስትል የነበረው? ወላሂ ኋላህ የነበረውን ሰልፍ ስትቆጥር ነው የዋልኸው።»

በዚያች ሰዓት ድሉ ሆነ። ሳምንት ሙሉ ቤቱን ይዞ የከረመው አራት መቶ አሥራ ሁለት ጉልበቱ ከዳው፤ ከኋላው ሦስት ሺህ ከስንት መቶ ተማሪ ተሰልፎ ታየ፤ አቶ ማርቆስም ቆመው ሁለተኛውን አዋጅ አስነገሩ። ስልኩ ከመቆለፊያዎቹ መካከል ወጥቶ ይመለስ፤ የጠረጴዛ ልብሱ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ፤ መረብ ኳስ ይፈቀድ፤ ዮዲትም በክብር ትግባ። ስለ ቡሹሎው ሱቅ ግን አዋጁ ዝም አለ። ሩሐማ በሩ ሥር ቆማ «ትፈተናለች» የምትለዋን አንዲት ቃል ስትጠብቅ አየኋት።

ታላላቅ ድል አድራጊዎች በአንድ ድል አይበቃቸውም። አቶ ማርቆስ ወረቀቱን እንደገና አንሥተው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከደረጃ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ከታች ወደ ላይ እየወጡ አነበቡ። እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው ሁሉም ከመቶ ሰባን የተጠጉ ወይም ያለፉ ነበሩ። ድምሩም ከግማሽ አልፏል። በመካከል ግን ፊዚክስ የሚል ነበረ፤ ከአጠገቡም ሃያ ዘጠኝ።

ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሽበሺ ስልኩ ተመልሶ መሳቢያ ቢገባ እንደሚሻል አሳሰቡ። ሦስተኛ አዋጅ ሊወጣ ሲል፣ ልጅቱ የፊዚክሱን የጥያቄ ወረቀት እንድታመጣ አልሁ።

ሩሐማ አባቷን ሳይሆን እኔን አየች። ሄዳ አመጣችው፤ ግን ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ለአባቷ ነው የሰጠችው። አቶ ማርቆስ ገጹን መግለጥ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ኅዳግ በእርሳስ ተሞልቷል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ ሥዕል ተሥሏል፤ በሥዕሉ ላይ የግፊቱና የስበቱ ቀስቶች በየአቅጣጫቸው ተሰምረዋል፤ ስሌቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲያ ያለ የቀስት አሣሣል አውቃለሁ። ከእነዚህ በኋላ ግን ሥዕል የለም፤ ስሌት የለም፤ መልሱ ሁሉ እስከ መጨረሻው «ሲ» ነው።

«ከዚህ በኋላ ያለውን ለምን ተውሽው?» አሏት አባቷ።

«ቲቸር ዋሲሁን እዚህ ጋ ነው ያቆሙት» አለች።

መምህር ዋሲሁን ባለቤቴ ነበር። የሞተው ኅዳር ላይ ነው። ይህን የምጽፈው አንባቢ እንዳይቸገር ነው፤ ወደ ነገራችን እንመለስ።

በቀብሩ ሰሞን ድንኳኑን ያስተከሉት ጋሽ ሽበሺ ነበሩ፤ ወንበሩን በአሮጌው መኪና ያመላለሱት አቶ ማርቆስ፤ ሰሚራና ታቢታ ከቤቴ አልጠፉም። ሁሉም የሚገባውን አድርጓል። መምህሩ በተነሣበት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ እንደተቀመጡ መቅረታቸውን ያሰበ ግን አልነበረም። ሩሐማ የቀረውን ለአባቷ በዝግታ ነገረቻቸው። ከኅዳር ወዲህ በፊዚክሱ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የስፖርት መምህሩ እየገባ ዝም ያሰኛቸው ነበር፤ ኋላ እሱም ቀረ፤ ከዚያ የክፍል አለቃው ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ ይገለብጥ ነበር፤ ቀጥሎ ጠመኔው አለቀ። ይህን የውጤቱ ዕለት ልትናገር ጀምራ ነበር። አቶ ማርቆስ «ሰበብ» ያሏት ቃል በዚህ ዜና ውስጥ ባይገባ ደስ እንደሚላቸው በኋላ በዘዴ ነግረውኛል፤ ገብቷል።

ወዲያው ሦስተኛው አዋጅ ወጣ፤ እሱም ከሁሉ አጭር ነበር። «ሰኔ ላይ ትፈተናለች። የቡሹሎው ሱቅ ሰው ይቀጠርበታል።»

በማግስቱ ዘመቻ ሆነ። አቶ ማርቆስ ለቀብርና ለሰርግ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ወይዘሮ ታቢታን በቀኛቸው አድርገው፣ ጋሽ ሽበሺን ከነከዘራቸው፣ ወይዘሮ ሰሚራን ከነአንደበቷ አስከትለው፣ በሁለት ባጃጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ዘመቱ። እኔ አልሄድሁም፤ የጻፍሁት ከተመላሾቹ የሰማሁትን ነው። ርእሰ መምህሩ ወንበር አስመጡ፤ በትሕትና ሰሙ፤ ከዚያም በበኩላቸው አዋጅ አስነገሩ። «ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ለሚመለከተው አካል አሳውቀናል። በቅርቡ መፍትሔ ይሰጠዋል ተብሎ ይጠበቃል። እስከዚያው ተማሪዎች በግላቸው እንዲያነቡ አሳስበናል።» ሠራዊቱ አመስግኖ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ሰሚራ፣ «አሁን ይኼ ሰውዬ አሸነፈን ወይስ አስታረቀን?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ሽበሺም ማትሪክን ሳያነሡ ቤታቸው ገቡ።

አቶ ማርቆስ ግን ከዘመቻ አልተመለሱም። ወደ ሱቃቸው የሚገባውን ደንበኛ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት፣ ፊዚክስ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ግንበኛው አላውቅም አለ፤ ቀለም ቀቢው ስድብ መሰለው። አንድ ቀን ቱቦ ሊገዛ የመጣ ወጣት መሐንዲስ በካርቶን ጀርባ ላይ ለሩሐማ አንድ ጥያቄ ቆሞ ሠራላት፤ አቶ ማርቆስም ዋጋ ቀነሱለት። የታቦር ነጋዴዎች ይህን ለማመን አሁንም ይቸገራሉ። መሐንዲሱ ሥራው በሌላ ከተማ ስለሆነ ቱቦውን ጭኖ ሄደ።

እንግዲህ ክብር ለአቶ ማርቆስ ይሁን፤ ለሥዩመ ቀለም ወሚስማር፣ አራት መቶ አሥራ ሁለትን በነዳጅ ሰልፍ ድል ለነሡት፣ ከደረጃ በላይ ቁጥር እንዳለ በስተእርጅና ላገኙት፣ አዋጃቸውን በሦስት ጊዜ ለሻሩት፤ አዋጅ ማውጣትስ ማንም ያወጣል፤ የገዛ አዋጁን በልጁ ፊት የሚሽር አባት ግን በየዘመኑ አይነሣም። ስማቸው በታቦር ዳገት ላይና ታች፣ በባጃጅ ተራውና በማደያው ሰልፍ፣ ከልጅ ልጅ ይነገር።

ሩሐማ ሰኔ ላይ ትፈተናለች። ክፍሏ የፊዚክስ መምህር የለውም።