የእማሆይ ሰሊጥ

የእኛ አገር ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ሙሽራ መስሎ ነው። ሦስት ሳምንት ሲያስለው የከረመ ሰውዬ ጋቢውን አስተካክሎ ይቀመጥና ሐኪሙ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይመልሳል። አትሳቁ፤ እናንተም እንደዚሁ ናችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ሁሉ ፈታኝ ይመስለናል። ፈታኝ ደግሞ ደስ የሚለው መልስ አለው፤ ያንን መልስ ፈልጎ አግኝቶ ማቅረብ ጨዋነት ነው። ውሸት አንለውም። ይሉኝታ እንለዋለን።

እኔ ይሉኝታን ጥዬ ከአገር ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ካርቱም በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ መጀመሪያ መስታወት አጣቢ፣ በኋላ መርማሪ ሆኜ፣ ቀን የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ እያየሁ፣ በተረፈኝ ሰዓት ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ኖርኩ። ፀጉሬ ሲነጣ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ወዳለችው መንደራችን ተመለስኩና ከመነኮሰችው እህቴ ግቢ አንዲት ክፍል ቤት ሠርቼ ገባሁ። ምን ተለውጦ ጠበቀኝ? መንገዱ አስፋልት ለብሷል፣ ጎረምሶቹ ሞባይል ይነካካሉ፤ የልጆቹ ሆድ ግን እኔ ስሄድ እንደተነፋ ነው። ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ። በዚህ ዕድሜ ከንዴት በቀር የሚያስነሳኝም የለም።

ለእህቴ ያመጣሁላት ስጦታ አንድ ከረጢት ሰሊጥ ነበር። በእኛ ደጋ ኑግና ተልባ እንጂ ሰሊጥ የሚያውቅ የለም። እማሆይ በቀን አንዴ በምትቀምሳት ንፍሮ ላይ ትነሰንሰዋለች። እኔ አልነካውም፤ ሰው ሠራሹ ጥርሴ ሥር እየገባ ያሠቃየኛል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ የሺ ልምጣ። የሺ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ነርስነት ትማራለች። ለመመረቅ የቀራት አንድ የጥናት ጽሑፍ ነበር፤ በመንደራችን ስንት ቤት የአንጀት ትል እንዳለ አጣርታ መጻፍ። ክዳን ያላቸው፣ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሃያ ሁለት ብልቃጦች ይዛ መጣችና ለሃያ ሁለት ቤት አደለች። ልጅ ካለ ከታናሹ ልጅ፣ ልጅ ከሌለ ከቤቱ ባለቤት። «የሽምብራ ፍሬ ታህል ትበቃለች፤ ጧት መጥቼ እወስዳለሁ» አለች። ትል የተገኘበት ቤት ኪኒን ይሰጠዋል፤ ያልተገኘበት አይሰጠውም፤ ከጤና ጣቢያ ለምና ያገኘችው ኪኒን ጥቂት ነውና። «ለምንሽ ነው ልጄ?» ሲሏት እውነቱን ነገረቻቸው።

«ለመመረቂያዬ ነው። መምህሬ ያየዋል።»

በሳምንቱ እየበረረች ተመለሰች። «እትዬ! ሃያ ሁለቱም ነፃ! አንዲት የትል እንቁላል እንኳ አልተገኘችም!» የመንደራችን ሰው ከትል ጋር ብዙ ዘመን ከመኖሩ የተነሣ ሰውነቱ መከላከያ አበጅቷል ብላ ስምንት ገጽ ጽፋለች። መምህሯ ደስ ብሎት ለባልደረቦቹ ሁሉ አውርቷል። ለማስረከብ የቀራት ስድስት ቀን ነው። ፊቷ ሲያበራ ብታዩት አንጀታችሁን ትበላችሁ ነበር።

መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ደንግጬ መልሼ አነበብኩት። ቁጥር አሥራ አንድ የጎረቤታችን የጥሩዬ ልጅ ስንዱ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሆዷ ከበሮ፣ እግሯ ሸንበቆ። ብልቃጡ ከመታደሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አጥሬ ሥር ተንበርክካ ስታስመልስ ግንባሯን የያዝኳት እኔ ነኝ። ከአፏ የወጣውን፣ ከስንዝር የሚረዝመውን ወስፋት አፈር ያለበስኩትም እኔ ነኝ። እናቷን «አይዞሽ፣ የሺ ኪኒን ይዛ እየመጣች ነው» ብዬ ነበር። አሁን በእጄ የያዝኩት ወረቀት ስንዱ ኪኒን አያስፈልጋትም ይላል።

የደነገጥኩበት ሌላም ምክንያት ነበር፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

«የሺ፣ ላቦራቶሪ የያዝሽውን ደብተር አምጪ።»

አመጣች። በጥንቃቄ የተጻፈ ደብተር ነው፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ትይዩ «ትል የለም፤ ጥቃቅን ነጭ ፍሬ አለ» ይላል።

«ይኼ ፍሬ ምንድን ነው?»

«የምግብ ፍሬ ነዋ፣ እትዬ። ትል አይደለም።»

«በሃያ ሁለቱም?»

«በሃያ ሁለቱም።»

«ታዲያ ለምን ብለሽ አልጠየቅሽም?»

«ትል ነዋ የምፈልገው!»

ምን ልበላት? መቶኛ ማውጣት አስተምረዋታል፤ ሰንጠረዥ ማስመር፣ የመጽሐፍ ስም በፊደል ተራ መደርደር አስተምረዋታል። መደንገጥን ያስተማራት የለም። ሃያ ሁለት ቤት በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት እራት በልቶ ሲያድር ማን አይቶ ያውቃል?

«ሰሊጥ ነው» አልኳት። «በዚህ መንደር ሰሊጥ የሚበላ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እማሆይ ደጃፏ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። በሁለት ዓመት ብቻ ስለምትበልጠኝ አንቺ ነው የምላት።

«እማሆይ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ለመንደሩ ሁሉ... ያንን... ሰጠሽ?»

«ለመኑኝ፣ ሰጠሁ።» ምንም አላፈረችም። «ስለ ማርያም ብለው ለመኑኝ። ስለ ማርያም ሲሉሽ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ገንዘብ የለኝ፣ እህል የለኝ፤ በስተርጅና ሰው የሚፈልገው ነገር ተገኘብኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደግሞስ ለመጀመሪያዋ ሰጥቼ ሌሎቹን እንዴት እከለክላለሁ?» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ባሕር ዛፉ አየሁ።

የሺ ወደ ጥሩዬ ሮጠች። ጥሩዬ ከማጀት እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች፤ ለመቆጣትም ለማዘንም የተዘጋጀች ሴት ናት።

«ታዲያ የልጃችንን ፈተና በትል እናበላሽ?» አለች። «መምህርሽ ከፍቶ ሲያይ የመንደርሽ ሰው ትላም ነው ብሎ ይሳቅብሽ? እማሆይ ጾመኛ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፤ ካለን ሁሉ የተሻለውን ሰጠንሽ። ከፋን?»

የሺ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስምንቱን ገጽ ብታስረክብ ትመረቃለች፤ ማንም አያውቅም። ካላስረከበች አብረዋት የጀመሩት ቆብ ሲደፉ እሷ ቆማ ልታጨበጭብ ነው። ስንዱ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ከግድግዳው ላይ የፈረፈረችውን ጭቃ መብላት ጀመረች። የሺ እጇን ያዘቻት፤ ጭቃውን ከጣቶቿ መሐል አንድ በአንድ አወጣችው። ከዚያ ስምንቱን ገጽ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እንደገና እሰበስባለሁ» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰብስባ ተናገረች። ምርመራ ማለት ምን እንደሆነ አስረዳች፤ ማንም ፊቱ ላይ ምንም አልታየበትም። ጨነቃትና በመጨረሻ «ትል ከተገኘ ነው እኮ የምመረቀው! ካልተገኘ ወደቅሁ!» አለች። ያን ጊዜ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። «ቀድመሽ እንዲህ አትዪም ነበር?» አሉ አንድ ሽማግሌ። እኔም ጎበዝ ልጅ፣ አገኘችው ብዬ በልቤ አጨበጨብኩ። ሠላሳ ዓመት ከአገር መራቅ እንዲህ ያጃጅላል።

ሰኞ ጧት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በጥሩዬ አጥር ዙሪያ ሰልፍ አየሁ። ሴቱም ወንዱም የሺ እንደገና ያደለችውን ብልቃጥ ከነጠላው ሥር ይዟል። ትናንት የልጇን ሆድ በኩታ ስትሸፍን የነበረችው ጥሩዬ በሩ ላይ እንደ ደጋሽ ቆማለች።

«አትጋፉ! ለሁሉም ይደርሳል! ስንዱዬ ኩራታችን!»

እንስራዬን አስቀምጬ ጮኽኩ። ምን ያላልኩት አለ! ደንቆሮዎች አልኩ፤ ሠላሳ ዓመት የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩባቸው፤ ይቺን ልጅ ገደላችኋት፣ መቼ ነው ሰው የምትሆኑት አልኩ። የሺም ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ሰልፈኛው አንገቱን ደፋ። ጥሩዬ ግን አልደፋችም፤ እንዲያውም በእኔ ቁጣ ከልቧ ተገረመች።

«ምነው እትዬ? እኛ ከእርስዎ አይደል እንዴ ያየነው?»

«ምን ከእኔ?»

«ያን ለታ ጧት ብልቃጥዎን ይዘው ከእማሆይ ጓሮ ሲወጡ አየሁዎታ! ካርቱም የተማሩት እትዬ እንዲህ ካደረጉ ሥርዓቱ ይኼ ነው ብዬ ለሁሉም ነገርኩ። ደግሞ ለእርስዎም አስቀርቼልዎታለሁ፤ ባዶ እጅዎን አይሄዱም።»

የሺ አየችኝ። ከሰልፉ ውስጥ የሳቀ የለም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ያቆየሁላችሁ ነገር ይህ ነው። ብልቃጥ ቁጥር ሁለት የእኔ ነበረ፤ ሰሊጥ የማልበላው የእኔ ብልቃጥም ሰሊጥ ነበረበት። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ሰገራ አገላብጬ ያየሁ ሴት፣ የእኔን የልጅቷ ጓደኞች እንዲያዩት አልወደድኩም። ከውጭ የተመለሰች፣ መጽሐፍ አንባቢ፣ ውሃዋን አፍልታ ትጠጣለች የተባለች አሮጊት ትል ቢገኝባትስ? እማሆይን ለመንኳት። እኔ ስለ ማርያም እንኳ አላልኩም። ወረቀቱን ሳነብ ያን ያህል የደነገጥኩት ሃያ ሁለቱም ነፃ መሆናቸው ስለገረመኝ ብቻ አይደለም፤ ያጭበረበርኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ስለነበረ ነው።

ባዶ ብልቃጤን ከየሺ እጅ ተቀብዬ ወደ ጓሮዬ ሄድኩ።

የሺ የሰጧትን ሁሉ ተቀብላ ማርቆስ ወሰደች። በደንቡ መሠረት ትል በሁሉም ቤት ተገኝቷልና ጤና ጣቢያውን እንደገና ለምና ለሁሉም ኪኒን አመጣች፤ ስንዱ ከሁሉም ቀድማ ዋጠች። ጥሩዬ ሦስተኛው ቀን ላይ በአጥሩ ብቅ ብላ ከስንዱ ስንት ወስፋት እንደወጣ ነገረችኝ፤ ቁጥሩን ለእናንተ አልነግራችሁም። የሺ ከጓደኞቿ ጋር አልተመረቀችም። ከርማ፣ የተፈጠረውን ሁሉ እንዳለ ጽፋ ተመረቀች። አሁን የሚያንገበግባት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያንኑ አፈር ረግጣ፣ ያንኑ ውሃ ጠጥታ ያረጀች እማሆይ እንዴት ትል አልያዛትም? እኔ እጇን ስለምትታጠብ ነው እላለሁ። የሺ «ምናልባት ሰውነታቸው ይሆናል፤ አላውቅም እትዬ» ትላለች። «አላውቅም» ስትል በሰማኋት ጊዜ ትምህርቱ ገባት አልኩ።

የጽሑፉን አንድ ቅጂ ሰጥታኛለች። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በሁለት ዙር አርባ አራት ናሙና ተሰብስቧል። የናሙና ሰጪዎች ብዛት፦ ሦስት።»

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ተገኝቶብኛል።