ክቡር ጎበዜና የአባቴ ጌሾ

በዓለም ላይ ካሉ የጉምሩክ ፈታሾች ሁሉ የሚከፋው ቋንቋህን የማያውቀው አይደለም፤ የሚያውቀው ነው። የማያውቀውን ሰውዬ፣ ሽሮውን «የአተር ዱቄት ነው» ትለዋለህ፤ ሰልችቶት ያሳልፍሃል። አማርኛ የሚችለው ግን እንደ አንተው እናቱ ሻንጣ ስትጠቀጥቅ እያየ ያደገ ነው። ቅቤ የት እንደሚደበቅ፣ ቋንጣ በየትኛው ጋቢ እንደሚጠቀለል ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለህ ትዋሸዋለህ?

እዚህ እስራኤል አየር ማረፊያ ያለው የእኛው ፈታሽ ክቡር ጎበዜ ይባላል። «ክቡር» ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ መንግሥት ገና አልሾመውም። ወደ አርባ ዓመት ይጠጋዋል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ላይ ከሚኖሩት ክርስቲያኖች ጀምሮ ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር እስካለነው ቤተ እስራኤሎች ድረስ፣ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል። በሌላው ነገር ባንስማማም በእሱ ጉዳይ አንድ ቃል ነን። አይቆጣም፣ አይጮህም። አዛውንት ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ ይልና እጅ ነሥቶ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይላል። ይህን ሲል ጣቱ ያረፈው ልክ ቅቤው ያለበት ቦታ ላይ ነው።

እኔን ሦስት ጊዜ ይዞኛል። መጀመሪያ በቋንጣ ነው፤ ጋቢዬን በአንድ እጁ አንሥቶ፣ «ወንድሜ ማለደ፣ ጋቢ እንዲህ አይከብድም» አለኝ። ሁለተኛው ጊዜ የማር ዕቃዬን ከፍቶ ማንኪያ ሰደደበትና ማንኪያው ከማሩ አልፎ ቅቤ ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ጉዞ ተስፋ ቆርጬ ምንም ሳልይዝ መጣሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አቆመኝ። ሻንጣውን ገለበጠ፣ ገበሩን ዳሰሰ፣ የጫማዬን ሶል ሳይቀር አጠፈው። «ከጎንደር ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው የለም» አለኝ። ታልፒዮት ሰፈር ባለ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሳጥን ስከፍትና ስዘጋ ነው የምውለው። በዕረፍቴ ደግሞ ሌላ ሰው የእኔን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆሜ ማየት፣ እውነቴን ነው፣ ታክቶኛል።

አቶ ተክለሃይማኖት ከእኔ የባሰ ገጥሟቸዋል። ኢትዮጵያ መንገድ ጀርባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ባለች አንዲት ክፍል የሚኖሩ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ከአገር ቤት አዲስ ከበሮ አሠርተው መጡ። ክቡር ጎበዜ ከበሮውን በመዳፉ መታ አደረገ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ደግሞ መታ። ከዚያ በታላቅ ትሕትና፣ «አባቴ፣ ይህ ከበሮ ጠግቧል» አላቸው። ሁለት ኪሎ ቅቤ ወጣ። አቶ ተክለሃይማኖት ዛሬም ያን ቀን ሲያነሡት የሚቆጫቸው ቅቤው አይደለም። «ምነው ዝም ብሎ በወሰደው፤ አባቴ እያለ ይወስድብኛል?» ይላሉ።

አምና የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። አባቴ የሞተ ዓመቱ ነበርና እናቴ እናና፣ «ተዝካሩን ከማውጣቴ በፊት አገሩን ልይለት» ስላለች ወገራ ይዣት ሄድኩ። ቤታችን ሌላ ሰው ይኖርበታል። ከጓሮው ግን አባቴ በወጣትነቱ የተከለው ጌሾ አሁንም ቆሟል። አባቴ ቂርያት ሃዮቨል አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ያን ጌሾ ማን እየቆረጠው ይሆን?» እናቴ በገዛ እጇ ቆረጠችው። ቅጠሉን ለቅማ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በነጭ ከረጢት ቋጠረች፤ ከግንዱም ጥቂት እንጨት ጨመረች። የተዝካሩ ጠላ በዚህ ጌሾ ይጠመቃል፤ ሌላ አሳብ የላትም። ተዝካሩ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ከአውሮፕላን ወርደን ሻንጣችንን እየገፋን ስንመጣ ጠረጴዛው ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ክቡር ጎበዜ። ብድግ አለ፣ እጅ ነሣ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

እናቴ አልደነገጠችም። ትክ ብላ አየችውና፣ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

እኔ ደስ አለኝ። ሰባት ቤት መቁጠር የጀመረች እናት ፊት ማን ሻንጣ ይፈትሻል?

«የደረጀ ምህረቴ ልጅ ነኝ፣ እናቴ።»

«ምህረቴስ የማን?»

«የቸኮል።»

«የወገራው ቸኮል? ያ ባለ በቅሎው?»

«እሱ ራሱ። በቅሎዋ ግን የወንድሙ ነበረች።»

«የወንድሙ ስም ማን ነው?»

«ውባንተ።»

እናቴ ራሷን ያዘች። «ውባንተ የባሌ አያት ነው!» ብላ ጠረጴዛውን ተሻግራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶች እልል አሉ። እኔም ሻንጣውን ወደ በሩ ማዞር ጀመርኩ።

ክቡር ጎበዜ ግን ፊቱ ጠቆረ። «እናቴ፣ ምን አደረጉኝ?» አለ። «የዘመድ ሻንጣ እንድፈትሽ አይፈቀድልኝም።» ብዕሩን ኪሱ ከተተና የሥራ ባልደረባውን አቪራንን ጠራው።

በኋላ እንደነገረን፣ ዘመድ ባንሆን ኖሮ ቅጠሉን አሽትቶ፣ ወረቀቱን ሞልቶ ሊያሳልፈን ነበር። አቪራን ግን ጌሾ የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ከረጢቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «አሱር» አለ። ክልክል ነው ማለቱ ነው። እናቴ አገር አቋርጣ፣ ዘር ቆጥራ፣ ባሏ የተከለውን ጌሾ ለማያውቀው ሰው አስረከበች። እኔ ላይ ተናደደች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የብረት ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ «ያለ ጌሾዬ አልሄድም» አለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የክቡር ጎበዜ ሥራ አበቃ። መታወቂያውን ከአንገቱ አወለቀ። ወደ ቤቱ ይሄዳል ስንል፣ ጠረጴዛውን ዞሮ ወደ እኛ ወገን መጣና ከእናቴ አጠገብ ቆመ። «አሁን ፈታሽ አይደለሁም፤ ዘመድ ነኝ» አለና ለአቪራን ማስረዳት ጀመረ።

አቪራን ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። «ሬጋ» አለው። ቆይ ማለት ነው። «ቁጥር ይዘህ ተራህን ጠብቅ።»

ክቡር ጎበዜ ቁጥር ያዘ። መቼም ያን ሳየው መደሰት ነበረብኝ። አልተደሰትኩም። የተተኮሰ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ወረቀቷን በእጁ ይዞ ከእኛ ጋር አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ከእናቴ ጋር ዳቦ ተካፍሎ በላ። ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ጠየቀ፣ ሁለት ጊዜ «ሬጋ» ተባለ። «ይሄ አቪራን መንገደኛን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያስጠብቀው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?

በመጨረሻ የዕፅዋት መርማሪዋ መጣች፤ ስሟ ዶር ነው፣ ዶክተር ማለቴ አይደለም። ከረጢቱን ፈትታ፣ ክቡር ጎበዜን ተመለከተችና በዕብራይስጥ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለችው።

ስንቱን ሰው ይህንኑ ሲጠይቅ የኖረው ሰው፣ የመመለስ ተራው ደረሰ። የቁጥሯን ወረቀት ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ «የአጎቴ ጌሾ ነው» አላት። «ራሱ የተከለው። ሞቷል። ተዝካሩ ደርሷል።»

ዶር ቅጠሉን በመነጽር አየችው። እንጨቱን ወሰደች፤ ቅጠሉን መለሰች። እናቴ እዚያው አለቀሰች።

ጠላው ተጠመቀ። በተዝካሩ ቀን እናቴ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሰጠችው ለእኔ አይደለም፤ ለጎበዜ ነው። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ ዘመዳሞች ሆንን፤ ይህም ማለት እኔን መፈተሽ አይችልም ማለት ነው። ባለፈው ወር ስመለስ ከሩቅ አይቶኝ ፈገግ አለና በአገጩ ወደ አቪራን አመለከተኝ። አቪራን በርበሬውን፣ ተልባውን፣ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። ስለ እያንዳንዱ ሲጠይቀኝ በማይገባው ቋንቋ ስመልስ፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ያ ለስላሳ ድምፅ ተሰማኝ። ጋቢዋ የከበዳት አንዲት አሮጊት ፊት ቆሞ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይላል።

ቀናሁባት።