በበርጫ የታቀደ ኩብለላ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ በደርግ ጊዜ ነው። የወይንሸት አባት ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ሊድሯት ቆርጠው ነበር፤ እኔና እሷ ደግሞ ልንኮበልል ቆርጠናል።

ወዳጄ፣ ጫት ላይ ተቀምጦ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔ ቤት ሙሉ ነበሩኝ። ምርቃናው ሞቅ ሲል ባሌ ተራሮች፣ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ሊደብቁን ወሰኑ። አንዱ መኪና መደበልን፤ ሌላው ዋሻ መረጠልን። ኮሚቴም ተቋቋመ።

«ብርዱስ?» አልኩ። እኛ ድሬዎች ብርድን የምናውቀው በወሬ ነው።

«አቦ፣ ፍቅር እያለ? ደግሞ የኒያላ ወተት ትጠጣላችሁ» አለኝ አንዱ። ማን እንደሚያልባት ግን ኮሚቴው አልተወያየበትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቃናውም ወረደ። ባለመኪናው መኪና እንደሌለው ትዝ አለው። «ሠርጉ እኮ እሁድ ነው» ብል ሁሉም ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከጀልዴሳ ወተት ለምታመጣልን ሶማሌ እናት ጭንቀቴን ነገርኳት።

«ተራራ ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ? የእኔ ቤት ሜዳ ላይ ነው። ልብሴን ትልበስ፣ ባዶውን ዕቃ ትሸከም፣ ከእኛ ጋር ትውጣ» አለችኝ።

ወይንሸት ተሸፋፍና ከወተት ሻጮቹ ጋር በጠራራ ፀሐይ በቀበሌው ደጃፍ አለፈች። ሊቀመንበሩ ራሱ ከበረንዳው «ወተት ቀርቷል?» ቢላት «ላንተ የሚሆን የለም» ብላው መንገዷን ቀጠለች። እኔም ተከተልኳት። ማንንም ይቅርታ አልጠየቅንም፤ ዛሬም አንጠይቅም። ያ ሁሉ መካሪ ያልሆነልንን የሆነችልን ያቺ ወተት ሻጭ ሀዋ ትባላለች።