አብራሪ ያለ ተተኪ አያርፍም

ሰማይን ማስተዳደር እንደ ምድር ቀላል አይደለም። ምድር ባለርስት አላት፣ ወሰን አላት፣ ሲጣሉባትም ሽማግሌ ይቀመጥላታል። ሰማይ ግን፣ ቢያንስ ከወረታ በላይ ያለው፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ ያለ ሹም ባክኖ ይኖር ነበር። ይህን ጉድለት ያረመው ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን የማንጠራውም ምስጋና ስለማይወድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ውኃው ከፎገራ ሜዳ በሸሸ ማግሥት ከበላይ መሥሪያ ቤት ተደወለ። የበላዩ ሹም ያሉት፣ «የጣናን ዳር ካርታ የምታነሣ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ታርፋለች፤ ዝዩ እንዳያውካት ቶሎ ወፍ አብራሪ ቅጠሩ» ነበር። ስልኩ አዲስ ነው፤ ገና አፉን አልፈታም። ዝዩንም ወፉንም ዋጠና ለጸሐፊው ለአያልነህ «አውሮፕላን… ሜዳው ላይ… ቶሎ… አብራሪ ቅጠሩ» የሚለውን ብቻ አቀበለው። አያልነህም በሰማው ላይ የማይጨምር የማይቀንስ ታማኝ ጸሐፊ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ሹም ቀኛዝማች ማሩ በዚያው ቀን ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው እሳቸው፣ ጸሐፊው አያልነህ፣ የአየር ጉዳይ ዐዋቂው ደግሞ የጨርቅ ነጋዴው አቶ ጀማል ሆኑ። አቶ ጀማል ዐዋቂ የተባሉት አንድ ጊዜ ጎንደር ላይ አውሮፕላን ስትነሣ ቆመው አይተው፣ አቧራዋ ዓይናቸው ውስጥ ስለገባ ነው።

ኮሚቴው በጥልቅ መክሮ መስፈርት አወጣ። አብራሪ ሩቅ የሚያይ፣ ከፍታ የማያዞረው ይሁን ተባለ። ባለትዳር ይሁን፤ ወንደላጤ የሆነ እንደሆን ወጥቶ ሊቀር ይችላል። አውሮፕላኗን ቢሰብራት የሚከፍል፣ ቢጠፋም ከሰማይ አምጥቶ የሚያስረክብ ዋስ ይጥራ። ደመወዙስ? እንደ ከፍታው። ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ።

በገበያው ቀን «አብራሪ የሆንህ ቅረብ!» ተብሎ ተነገረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የቀረበው አንለይ ብቻ ነበር።

አንለይ ከልጅነቱ ጀምሮ በሰው ማሳ፣ ማማ ላይ ቆሞ፣ ጅራፍ እያጮኸ ወፍ ሲያበርር የኖረ ሰው ነው። በዚሁ የተነሣ ቀኝ ትከሻው ዝሎ፣ ማታ ማታ ጋቢውን የምታለብሰው ሚስቱ አገኘሁሽ ነበረች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንበት ብሎ ቢነከር ይድናል ተብሏል፤ ባለማሳዎቹ ግን እህሉ ሳይገባ ንቅንቅ አያደርጉትም።

«የመንግሥት ሥራ ዕረፍት አለው አሉ» አለችው አገኘሁሽ። «ሂድና ተቀጠር። ከዚያ ጠይቀህ ወንዛዬ ትወርዳለህ፤ ይኸ ክንድህ ተገንጥሎ ሳይወድቅ።»

ኮሚቴው አንለይን አስቀርቦ መረመረው።

«ስንት ዘመን አብርረሃል?» አሉ ቀኛዝማች።

«ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ነው ጌታዬ።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ።

«በአንድ ጊዜስ ስንት ታበርራለህ?»

«እንደ አመጣጡ ነው። ሲበዛ ሰማዩን ያጠቁረዋል።»

«ወድቆብህ ያውቃል?» አሉ አቶ ጀማል፣ እንደ ዐዋቂነታቸው።

«አንዳንዴ ይወድቃል። የወደቀውን ውሻ ይበላዋል።»

ቀኛዝማች ደነገጡ፤ ነገር ግን የሙያ ምስጢር መሆኑን ተረድተው አለፉት።

«ዋስ?»

«አማቴ በሬ አላቸው።»

«በሬ ከአውሮፕላን ይመዛዘናል?»

«ጥንድ ነው ጌታዬ።»

ተመዛዘነ። አንለይም ተቀጠረ። ሜዳው ዳር ማማ ተሠራለትና ጅራፉን ያጮህ ጀመር። ኮሚቴው ሊጎበኘው ወጥቶ ዝዩን ሲያስነሣ ቢያየው አቶ ጀማል በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውሮፕላኗ እስክትመጣ በወፍ ይለማመዳል! ከትንሹ መጀመሩ ደግ ነው።» ደመወዙም በማማው ቁመት ተለካ። ማማው አጭር ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ አንለይ ቀኛዝማች ፊት እጅ ነሥቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ለወንዛዬ ትንሽ ዕረፍት…»

«አብራሪ ያለ ተተኪ አያርፍም። ተተኪውም መስፈርቱን ያሟላ።»

«ወንድሜ አለ፤ ጅራፍ ያውቅበታል።»

«ባለትዳር ነው?»

«ሚስቱ ሄዳበታለች።»

«እንግዲያ እሱም ይሄዳል። ቅሬታ ካለህ ደግሞ በማኅበር በኩል አቅርብ፤ ዘመኑ የማኅበር ነው።»

አንለይ ማኅበር አቋቋመ። በሜዳው ያለው አብራሪ እሱ ብቻ ስለሆነ ሊቀ መንበርም ጸሐፊም አባልም ሆኖ ማማው ላይ ተሰበሰበ። አገኘሁሽ ከታች በታዛቢነት ቆመች። «ዕረፍት ይሰጠን የምትሉ እጅ አውጡ» አለና እጁን አወጣ፤ ቀኙ እምቢ ስላለው ግራውን። ውሳኔው ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፈ። ኮሚቴው ግን በግራ እጅ የተሰጠ ድምፅ ነውር ነው ብሎ መለሰው። ቀኙን ማንሣት ከቻለም ትከሻው ጤነኛ ነውና ዕረፍት አያስፈልገውም ሲል አከለበት። ይህን የሰማ ሁሉ የኮሚቴውን ፍርድ ዐዋቂነት አደነቀ።

አውሮፕላኗ የመጣች ዕለት አንለይ በግራ እጁ ዝዩን እንደ ምንም ገለል አደረገላትና አረፈች። ከሆዷ የወርቅ ጥብጣብ ያለበት ቆብ የደፋ ወጣት ወረደ።

«አንተ ማነህ?» አሉ ቀኛዝማች።

«አብራሪው ነኝ።»

«አብራሪያችን ማማው ላይ ነው። አንተን ማን ቀጠረህ?»

ወጣቱ ማማውን አየ፣ ጅራፉን አየ፣ ገባው። «ጌታዬ፣ እሱ እኮ ወፍ አብራሪ ነው። አውሮፕላን የማበርረው እኔ ነኝ።»

«ወፍ የሚባል ነገር አልተነገረንም» አለ አያልነህ በታማኝነት።

እነሱ ሲከራከሩ ዝዩ ተመልሶ ሜዳውን ሞላው። አንለይ ጅራፉን ሊያነሣ ቢሞክር አሁን ግራውም አልታዘዘው አለ።

«ዝዩ ካልተነሣ እኔም አልነሣም» አለ ወጣቱ።

አንለይ ከማማው ወርዶ ቀኛዝማች እግር ሥር ወደቀ። «ጌታዬ፣ ይኸው ተተኪ! እግዜር ከሰማይ አወረደልኝ!»

ኮሚቴው እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ወጣቱ ሩቅ ያያል፤ ከፍታ አያዞረውም።

«ባለትዳር ነህ?»

«አጭቻለሁ።»

«ይበቃል። ዋስ?»

«እዚህ አገር የማውቀው ሰው የለም።»

አውሮፕላኗ ራሷ በዋስትና ተያዘችና ከሜዳው ዳር ካለች ሾላ ጋር በጠፍር ታሰረች።

«ደመወዙስ?» አለ ወጣቱ፤ ቀልድ መስሎታል።

«እንደ ከፍታው።»

«ዕረፍትስ?»

«ተተኪ ሲገኝ።»

ወጣቱ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «እኛም ቤት እንዲሁ ነው» አለና ጅራፉን ተቀበለ።

አንለይ ወንዛዬ ወርዶ እስከ አንገቱ ፍል ውኃ ውስጥ ተዘፈቀ። አጥንቱ እስኪለሰልስ ሰነበተ። ከአገኘሁሽ ጋር ወደ ሜዳው ሲመለስ የበላዩ ሹም በመኪና መጥተው፣ በቁጣ ቀልተው አገኛቸው። ወጣቱ ፊቱን ፀሐይ ልጦት ማማው ላይ ጅራፉን ያጮኻል፤ ዝይ የሚባል በአካባቢው አይታይም።

«ወፍ አብራሪ ቅጠሩ ብዬ ነበር! ይኸ ማነው?»

«ወፍ አብራሪው ነዋ ጌታዬ» አሉ ቀኛዝማች። «ባለ ቆብ ነው፣ እንግሊዝኛ ያውቃል። እንዲህ ያለ ወፍ አብራሪ የትም አይገኝ።»

«አውሮፕላኗንስ ማን ያነሣታል?»

ቀኛዝማች ጭንቅ ብሏቸው ዞር ሲሉ አንለይን አዩት። ፊታቸው በራ።

«የእሷ አብራሪማ ይኸው ከዕረፍቱ ተመለሰ! በመስፈርት የተቀጠረ ነው።»

አንለይ ቀኝ ትከሻውን ወደ ላይ ሞከረው፤ ወደ ኋላ ሞከረው፤ ይታዘዛል። ዕረፍቱን ለሰጠ መንግሥት ይህች ምን አላት?

«ምን ገዶኝ፤ ብቻ ጅራፌን መልሱልኝ» አለ። ወደ አውሮፕላኗ ቀርቦም ዙሪያዋን አየ።

«የምትደነግጠው ከፊት ነው ከኋላ?»