ጫካዬ ላይ የወጣልኝ ደቦ

የዛሬውን ጉድ ለማንም አልናገርም ብዬ ከራሴ ጋር ተማምዬ ነበር። ይኸው ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። እኔ ደግሞ መቼ አስችሎኝ ያውቃል?

ዛሬ ጠዋት ጫካ ነበረኝ።

አሁን የለኝም።

አልተቃጠለም። አልተሰረቀም። የወሰደብኝም የለም። በገዛ አፌ፣ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው የሄደው! ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። ንዴቴ ሲበርድ እኔም እስቃለሁ።

ለአዲስ ፎሎወሮች ከመነሻው ልንገራችሁ። ንፋስ መውጫ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር እምቢ ብሎኝ ነበር። ቀን ማሽኑ ይጮኻል፣ ማታ ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጮኻል። ያልሞከርኩት የለም። ሻይ ተውኩ። ስልኬን ከመኝታ ክፍል አወጣሁ። (አዎ፣ መልሼ አስገባሁት።)

ታዲያ አንድ ቀን ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ጥቁር ያለ ጫካ አየሁ። ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በሬ የማይቆምበት ገደላማ ቦታ ነው። ዙሪያው ሁሉ የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ሆኖ፣ እሱ ብቻ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ግንዱን ሰው ብቻውን አያቅፈውም። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፤ ያገሩ ሽማግሌ ሁሉ "ስንወለድም እንዲሁ ነበር" ነው የሚላችሁ።

ለማየት ብቻ ገባሁ። ግንድ ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ተኛሁ!

አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ገደል ገባ ብለው ሲጣሩ ሲጣሩ፣ ሳንኮራፋ አገኙኝ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ! ባለቤቱን አፈላለግኩ። አያ ተገኝ ይባላሉ፤ እዚያው ጫካው ጥግ የሚኖሩ፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው። ኮመንት ላይ ሕግ ልታስተምሩኝ የተዘጋጃችሁ ቁጭ በሉ፦ መሬት እንደማይሸጥ አውቃለሁ! መሬቱ በሳቸው ስም ነው። እኔ የገዛሁት ዛፎቹን ነው። ባሕር ዛፍ በቁሙ ይሸጥ የለም? እንደዚያ።

አያ ተገኝ እጄን መታ አድርገው "ዛፉ ያንተ ነው" አሉኝ፤ ጎረቤት መሰከረ፤ አለቀ። ፊታቸው ትንሽ ጨፍገግ ብሎ ነበር። ሆዳቸውን ቆርጧቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ወንድሜ ሲሰማ "በዚህ ብር እኮ ባጃጅ ትገዛ ነበር!" ብሎ ጮኸብኝ። ባጃጅ ሥር ደግሞ ማን ይተኛል?

ከዚያ ወዲህ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እሄድ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሬን ይዤ! ከባጃጅ ወርጄ፣ ወንበሩን ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ቁልቁል ስወርድ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል።

"ድግስ አለ እንዴ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"ልቀመጥ።"

ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። "እግዜር ይማርህ" ብላኝ ያለፈች ሴትዮም አለች።

ውስጡን ግን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ላይ ሜዳው ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እዚያ ስትገቡ ቀጥ ይላል። ጽዱ ይሸታል። ቅጠሉ መሬቱን ስላለበሰው የገዛ እርምጃችሁ አይሰማችሁም። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ይታዘቧችኋል። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ወይራ አለ፤ ግንዱ ተጠማዝዞ ውስጡ ክፍት የሆነ። እሱ ሥር ወንበሬን አስቀምጬ ምንም አላደርግም። ምንም! ደንበኛ የለ፣ "ቶሎ በልልኝ" የሚል የለ። በሕይወቴ ለኔ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር ይሄ ነበር።

ችግሩ፣ ምንም አለማድረግ ፖስት አይሆንም።

እና ባለፈው ሰሞን ከአንድ መንገደኛ ምሳር ተውሼ ፎቶ ተነሣሁ። የሸሚዜን እጅጌ ጠቅልዬ፣ ምሳሩን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ፊቴን ቋጥሬ። ካፕሽኑ ምን ነበር? "እኔና ምሳሬ ከጫካው ጋር ተፋጥጠናል። ብቻዬን የምወጣው አይመስለኝም!"

ትዝ አላችሁ? ላይኩን ያዘነባችሁት እናንተው አይደላችሁ? "ጀግና" ብላችሁ ኮመንት የሰጣችሁኝን ሁሉ ስማችሁን ይዤዋለሁ። ፎቶው እንዳለቀ ምሳሩን ለባለቤቱ መልሼ ወንበሬ ላይ ተኝቻለሁ።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ።

ጠዋት መብራት ጠፋ። መብራት ከሌለ ኮፒ የለም፤ ሱቄን ዘግቼ ወንበሬን አንሥቼ ወረድኩ። ደስ ብሎኝ! እያፏጨሁ!

ቁልቁለቱን ሳጋምስ ድምፅ ሰማሁ። ቋ! ቋ! ቋ! ከዚያ ፉከራ። ከዚያ የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ፣ ከዚያ ግው!

ወንበሬን ወርውሬ ሮጥኩ።

የአገሩ ወንድ በሙሉ ምሳር ይዞ ጫካዬ ውስጥ ነው! ሴቶቹ ጠላ በጀሪካን አምጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መግቢያው ላይ የነበረው ጽድ ተጋድሟል። ከወገዳ ድረስ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ እንኳ ሳይቀር ምሳር ተውሶ ገብቷል። አያ ተገኝ ከፊት ቆመው "አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ" እያሉ ያሰማራሉ።

"ና፣ ና! ባለቤቱ መጣ!" አሉ ሲያዩኝ። "አንተ ልጅ፣ እንዲህ ሲቸግርህ ምነው ዝም ትለኛለህ? እኛ ሰው አይደለንም?"

አጠገባቸው ልጃቸው ብርቱካን ስልኳን ይዛ ቆማለች። ንፋስ መውጫ ነው የምትማረው። ለካስ ፎሎወሬ ናት! ፎቶዬን ለአባቷ አሳይታ፣ ካፕሽኑን ቃል በቃል አንብባላቸዋለች። "ሲያሳዝን! ምሳር አያያዙን እንኳ አያውቅም" ተባብለው፣ አገር አስተባብረው ደቦ ወጡልኝ።

ደቦ! ገባችሁ? ሳልጠራቸው፣ የገዛ ሥራቸውን ትተው፣ የገዛ ጠላቸውን ተሸክመው፣ የምወደውን ነገር ከሥሩ ሊጨርሱልኝ መጥተዋል። በፍቅር!

ደግሞ ምን ያጠፉት አለ? በኛ አገር ዛፍ በቁሙ የገዛ ሰው ቆርጦ ይወስዳል። ገዝቶ የሚቀመጥበት ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

እንግዲህ እዚህ ላይ ከኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር። "አትቁረጡ።" በቃ። አፌን ከፈትኩ።

"እግዜር ይስጥልን" አልኩ።

አትፍረዱብኝ! ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ሽማግሌ ለኔ ብለው ከማዶ ተሻግረው መጥተዋል። እዚያ ፊት ቆሜ "የገዛሁት እኮ ወንበር አስቀምጬ ልተኛበት ነው" ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ።

በዘዴ ሞከርኩ። "እስቲ አረፍ በሉ፣ ደከማችሁ እኮ!"

"ገና ምኑ ተነካና!" አሉና ባሰባቸው።

"ለመሆኑ ዛሬ ማን ነው?" አልኩ፤ የሚከበር በዓል ከሆነ ምሳር ይቀመጣል ብዬ።

ሳቁብኝ! "ኧረ እኛም ቀን መርጠን ነው የመጣነው! ዛሬ የሚከበር የለም፤ እስኪመሽ እንሠራልሃለን!"

"ጉሬዛዎቹስ?"

"አይዞህ፣ ምን ያደርጉሃል፣ ይሸሻሉ።"

በዚህ መሃል አንድ ጎረምሳ ወደ ወይራው ሄደ። ወደ ትልቁ! መዳፉ ላይ እንትፍ እንትፍ አለና ምሳሩን አነሣ። አሳረፈው። ቅርፊቱ ተፈናጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ። እዚህ ደረቴ ላይ አመመኝ፣ እውነቴን ነው።

ደግሞ ሲያነሣ ከአፌ የወጣው ነገር እኔን ራሴን አስደነገጠኝ።

"ስለት ነው! የሚካኤል ስለት ነው!"

ምሳሩ አየር ላይ ቀረ። ቆብ ያደረገው ቆቡን አወለቀ፤ ያላደረገው አማተበ። አያ ተገኝ ቀስ ብለው ወደኔ መጡ።

"የምን ስለት ነው፣ ልጄ?"

እሱን አላሰብኩበትም ነበር።

"የእንቅልፍ" አልኩ። "አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም ነበር። የምተኛው እዚህ ስመጣ ነው።"

ስለቱ ውሸት ነው። ይቺ ግን እውነት ነበረች። አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ ሁሉም ተቀበሏት።

አያ ተገኝ የወደቀው ጽድ ላይ ሄደው ቁጭ አሉና በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

"አባቴ ከዚህ ጫካ አርጩሜ እንኳ አያስቆርጠንም ነበር" አሉ። "ጉልበቴ ከዳኝና ሌባ መጠበቅ አቃተኝ። ሰርቀው ሲጨርሱት ከማይ ብዬ ሸጥኩልህ። ከሸጥኩልህ ወዲህ በዚህ በኩል ማለፍ አስጠላኝ።"

"ታዲያ አያ፣ ምነው አትቁረጥ አይሉኝም?"

"የሸጥኩትን? በምን አፌ!" ቀና ብለው አዩኝ። "አንተስ? ምነው አትቁረጡብኝ አትለንም?"

"ለኔ ብላችሁ ደክማችሁ… አፈርኩ።"

ተያየን። እንዲቆረጥ ሻጩም ገዢውም የማይፈልገውን ጫካ፣ አገር ሰብስበን ልናወድመው ነበር። በጨዋነት!

ወሬው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ደርሶ ኖሮ የሚካኤሉ አገልጋይ ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ። ሕሊናዬ አላስቆም ቢለኝ ወደ ጎን ወሰድኳቸው።

"አባ፣ ዋሽቻለሁ። የተሳልኩት ነገር የለም። ጭንቅ ብሎኝ ነው።"

ቄስ ሞላ ወይራውን አዩት። ሕዝቡን አዩት። እልልታው አላባራም።

"ስትናገረው ውሸት ነበር" አሉኝ። "አሁን ግን ይሄ ሁሉ ሕዝብ እልል ብሎበታል። በል ፈጽም።"

"ሙሉውን፣ አባ?"

"ከሚካኤል ጋር ልትከራከር ኖሯል?"

አያ ተገኝም ሰምተው ኖሮ ከኋላ ሆነው "መሬቱም ይጨመርበት! የኔም ድርሻ ይሁን!" አሉ። ብርቱካን ሁሉንም በላይቭ ታስተላልፋለች። ምን ልበል? መስቀል ተሳለምኩ።

ደቦ ደግሞ አንዴ ከወጣ ሥራ ሳይሠራ አይመለስም። ምሳሩ ተቀመጠና ድንጋይ ይለቀም ጀመር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተነሥቶ ጫካውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ካብ ይካብ ተባለ። እኔም አብሬ ተሸከምኩ። ፎቶ ኮፒ የለመደ እጄ ተላላጠ፤ ጠላው ግን ጥሩ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመንገዱ በኩል ያለው ካብ አለቀ። የመጨረሻውን ድንጋይ በገዛ እጄ አስቀምጬ ቀና ስል ምን ባይ ጥሩ ነው?

እኔ በውጭ በኩል ነኝ!

"አባ፣ እየመጣሁ መቀመጥ እችላለሁ?" አልኩ ካቡን ተደግፌ።

"ምን ከልካይ አለብህ? ጫማህን እያወለቅህ ግባ" አሉ ቄስ ሞላ። "ብቻ እንዳታንኮራፋ።"

አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ነው። "አትቁረጡ" ለማለት አፈርኩ፤ ጫካውን በሙሉ አንሥቶ ለመስጠት ግን አላፈርኩም! እንዲህ ያለውን ሰው ሐኪም ነው የሚያየው ወይስ ጠበል ነው የሚወሰደው?

ንድድ ብሎኛል፣ አልዋሽም። የኔ ነበረ። ደግሞም ቀልሎኛል። እኔ በአንድ ካፕሽን ላስጨርሰው ደርሼ የነበረው ወይራ ላይ፣ ከእንግዲህ ማንም ምሳር አያነሣበትም። ሁለቱ ስሜት አንድ ላይ እንዴት እንደሚኖር አልገባኝም፤ አሉ ግን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልሄድ ስል አያ ተገኝ ተከትለውኝ መጡ። እጄን ይዘው፣ "እንደው ልጄ፣ አንተ ስትመጣ እኔም ወይራው ሥር አጠገብህ ብቀመጥ ቅር ይልሃል?" አሉኝ። "ጨዋታም እናወጋለን።"

ቅር እንጂ! እዚያ የምሄደው እኮ የሰው ድምፅ ላለመስማት ነው!

"ኧረ በስመ አብ፣ አያ! ምን ቅር ያሰኘኛል? ደስታውን አልችለውም!" አልኩ።

አያችሁኝ አይደል? እምቢ ማለት የሚያስተምር ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሊንኩን ኢንቦክስ አድርጉልኝ።