ክቡር ሚስተር ግራብልና በራሱ የሚወርደው መጥረቢያ

መንግሥትን የሚጠላ አንድ ሽማግሌ የሌለበት ከተማ እግዚአብሔር አልፈጠረም። ይህ ሰው የትም አገር ቢሆን የሚኖረው መንግሥት ባነጠፈው መንገድ ዳር፣ የመንግሥት ጡረታ እየበላ ነው። ለእኛ ለኦሃዮዋ ኬንድል ክሪክ የደረሱን ክቡር ሚስተር ኦርቪል ግራብል ናቸው፦ የሎሬታ ምግብ ቤት ሊቀ ሊቃውንት፣ የታክስ መቅሰፍት፣ ማንም ያልመረጣቸው የሕዝብ እንደራሴ።

ቃላቸው አንድ ነው፦ "ይቆረጥ!" ትምህርት ቤት ብትላቸው ይቆረጥ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብትላቸው ይቆረጥ፣ ለዚያውም ከነመጻሕፍቱ። ዝናብ በዛ ብትላቸው የሜትሮሎጂው በጀት ይቆረጥ!

እኔ ደግሞ "ሀብታም ታክስ ይክፈል" የሚል ወረቀት እያባዛሁ የምበትን ሰው ስለሆንኩ ሳያቸው ደሜ ይፈላል።

"አንተ ወረቀት በታኝ!" ይሉኛል ገና ከበር። "ታክስ እንዲህ ከጣመህ የእኔንም ክፈልልኝ!"

"ጡረታዎን ማን የሚከፍል መሰለዎት?"

"እሱ የላቤ ነው! የሌላው ይቆረጥ!"

በዚያ ክረምት ዋሽንግተን ያሉት እንደራሴዎች መስማማት አቃታቸው። አንዱ ወገን የሀብታሙ ታክስ ይጨመር ይላል፤ ሌላው ሰባራ ሳንቲም አትጨመርም ይላል። ቀደም ብለው ደግሞ፣ ፈርተን እንስማማለን ብለው፣ ካልተስማሙ በጀቱን ሳይመርጥ የሚቆርጥ፣ በራሱ የሚወርድ መጥረቢያ አናታቸው ላይ ሰቅለው ነበር። ላለመጣላት ብለው አልጋቸው ሥር ፈንጂ የሚቀብሩ ባልና ሚስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሱ ናቸው። መጥረቢያው ወረደ። ሚስተር ግራብል በደስታ ትራክተራቸው ላይ ወጥተው፣ ጥሩምባ እየነፉ ከተማዋን ዞሯት።

ደስታው ሳይበርድ ወሬ መጣ። የከተማችን ትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ ማማም በዚሁ መጥረቢያ ሊዘጋ ነው። እዚያ ማማ ላይ ሚስ ዶሪን ካስፐር ተቀምጣ በሬዲዮ ለአብራሪዎች ነፋሱን ትነግራለች፤ ማማው ከተዘጋ ቴክሳስ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። እኔም ዜናውን ለሚስተር ግራብል ለማብሰር ተሽቀዳደምኩ።

"የትኛው ማማ?" አሉ።

"የኛው።"

"ዶሪን ያለችበት?"

"ሌላ ማማ አለን እንዴ?"

ምሳቸውን ሳይነኩ ወጡ። "ምን ነካቸው?" አልኩ።

"አታውቅም እንዴ?" አለችኝ ሎሬታ ሳህኑን እያነሳች። "ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ ከሰዓት በኋላ መኪናቸውን ማረፊያው አጥር ሥር ያቆሙና፣ የአብራሪዎቹን ሬዲዮ ከፍተው የዶሪንን ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብለዋት አያውቁም።"

ሳቄ ትን አለኝ። የመንግሥት ጠላት የመንግሥት ሠራተኛ ድምፅ ወደደ!

ቅዳሜ እንደራሴያችን የተከበሩ ሚስተር ቴድፎርድ፣ እንደ ልማዳቸው፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሽርጥ አገልድመው ፓንኬክ እየገለበጡ ሕዝቡን ሊሰሙ መጡ። ሚስተር ግራብል ማይክሮፎኑን ነጠቁ።

"ማማው አይቆረጥም!"

"ሚስተር ግራብል፣" አሉ እንደራሴው፣ "ባለፈው እዚሁ ቆመው 'ሳትመርጥ ቁረጥ' አላሉኝም?"

"መንግሥትን ቁረጥ አልኩህ እንጂ ዶሪንን ቁረጥ አልኩህ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ጠረጴዛ ደበደብኩ። ጥግ ላይ ሳህኗን ይዛ የቆመችው ሚስ ዶሪን ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

"ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ታክስ ልጨምር?"

ሚስተር ግራብል ላብ በላብ ሆኑ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። መንጋጋ ያለ ማደንዘዣ ሲነቀል እንደዚያ ነው።

"ጨምርብኝ።"

"ምን አሉ?"

"ጨምርብኝ አልኩህ! ጆሮህ ተደፍኗል?"

የእንደራሴው ፓንኬክ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። "ሌላስ?" አሉ እየሳቁ። "ታክስ ይጨመርብኝ የሚል እጁን ያውጣ!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በዕድሜዬ "ሀብታም ይክፈል" ብዬ ጻፍኩ እንጂ "እኔ ልክፈል" ብዬ የጻፍኩት ወረቀት የለም። እጄ የወፍጮ ድንጋይ ሆነብኝ። ሽማግሌው ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማይክሮፎኑን እንደያዙ ብቻቸውን ቆመዋል። አወጣሁ። ሎሬታ አወጣች። እሳት አደጋዎቹ አወጡ። አዳራሹ የእጅ ደን ሆነ።

"አንተ ወረቀት በታኝ!" ብለው ጮኹብኝ ሚስተር ግራብል። "አውርድ እጅህን! የሱ ሐሳብ ነው ይሉኛል!"

እንደራሴው ያንን የእጅ ደን እያሰቡ ዋሽንግተን ገቡ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እዚያ ያሉት ታክሱን ሳይነኩ ከሌላ ኪስ ገንዘብ አወጡና ማማው ተረፈ። ሚስተር ግራብልም "አላልኳችሁም? ገንዘቡ ነበራቸው!" እያሉ ሁለት እጥፍ የማይቻሉ ሆኑ፤ ሚስ ዶሪን ራሷ ሎሬታ ቤት እስክትገባ ድረስ።

"አጥሩ ሥር የሚቆመው መኪና የእርስዎ ነው?" አለቻቸው።

"በ... በራሴ ነዳጅ ነው የምመጣው!"

"ሰማዩ ከአውሮፕላን ባዶ ሲሆን ነፋሱን የምናገረው ለማን ይመስልዎታል?"

ሚስተር ግራብል ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ከፊታቸው የነበረውን ወንበሬን ለዶሪን ለቀቅኩና ሳህኔን ይዤ ባንኮኒው ጋ ሄጄ ቆምኩ።