ሐረጎ ላይ የታወቀብኝ ስኳር

መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኪሱን ዳብሶ ብቻ ይወጣል፤ ሌላው ቤቱን ተሸክሞ ይወጣል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድ እንኳን ባትሪ፣ ፋሻ፣ የዝናብ ልብስ፣ መርፌና ክር፣ ፊሽካ ሳይቀር እይዛለሁ። ፊሽካው ለምን እንደሆነ ባለቤቴ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ እያሰብኩበት ነው።

ያን ጠዋት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ የወጣሁት የስኳር መድኃኒቴን ተወግቼ ነው። ቁርስ መናኸሪያ እበላለሁ አልኩ። መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ "ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮሃል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ከእኔ በኋላ ሌላ ስድስት "አንድ ሰው" ገባ። ይህን ሒሳብ የት እንደሚያስተምሩት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ተቀበለን። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል፤ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ዘሀራ የሚባሉ የኩታበር እናት ናቸው፤ ኮምቦልቻ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚወርዱት። ስለ ልጃቸው ሲያጫውቱኝ ድምፃቸው እየራቀብኝ ሄደ። ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ልናገር ብል ምላሴ ተሳሰረ።

ቀጥሎ የሆነውን እንደ ሕልም ነው የሰማሁት። አንዱ "ጠጥቷል" አለ። ሌላው ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት አለ። ረዳቱ ቦርሳዬን ዘርግፎ ፋሻውን ሲያይ "ሐኪም ነው መሰለኝ" አለ። ቤተሰቤ ጋ ሊደውሉ ስልኬን አነሱ፤ ተቆልፏል።

እማማ ዘሀራ ግን ግንባሬን ዳሰሱና ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

"ስኳር አለብህ እንዴ ልጄ?"

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ሸሽቼዋለሁ! ሻይ ያለ ስኳር የምጠጣው ጣዕሙ እንዲገባኝ ነው እያልኩ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ የዋሸሁ ሰው ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስጠቅስ ግን የሚቀድመኝ የለም። እንደምንም "አዎ" አልኩ።

"ወላሂ ባሌንም እንዲህ ነው የሚያደርገው!" አሉ። ለአራሷ የያዙትን ስኳር ፈተው በውሃ በጠበጡ። ከዚያ ሳያጠጡኝ ምራቄን አስዋጡኝ፤ መዋጥ ያቃተው ሰው እንደማይጠጣ ለተሳፋሪው አስረዱ። "በል ቢስሚላህ፣ ቀስ እያልክ" አሉኝ።

ጥቂት ቆይቶ ዓይኔ ጠራ፤ ከስንቃቸውም ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። እንዴት አወቁ፣ መሥሪያ ቤት እንኳ የሚያውቅብኝ የለም ብዬ ገርሞኝ ስጠይቃቸው፣ ከበሽታው ይልቅ የገረማቸው መደበቄ ነበር።

"ስኳር ስርቆት አይደል! ምን ያስደብቅሃል? አጠገብህ ላለው ሰው ንገር፤ የሚጣፍጥ ነገርም ከኪስህ አይጥፋ።"

ምክር ተቀበልኩ። ማታ ስመለስ ኪሴን ከረሜላ ሞልቼ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ዘንድ ጠጋ ብዬ፣ ድንገት ላብ ካጠመቀኝና ንግግሬ ከተሳሰረ ከዚህ ከረሜላ እንዲያጎርሰኝ በትሕትና ለመንኩት። ሰውዬው እኔን አየ፣ ከረሜላውን አየ፣ በሩን አየ።

"ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ።

መኪናው ገና ከኮምቦልቻ መናኸሪያ አልተነሳም ነበር።